ሮልን በራስ-ሰር ለመስጠት፣ በእጅ እንዲፈጸም የወጣ አዋጅ

የአዋጅ ቁጥር፦ ገና አልተሰጠም

የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በኩበርኔትስ ክላስተሮቻችን ላይ የሚሠሩ ፖዶች ከክላውዱ ፋይል ለማንበብ፣ መልእክት ለመላክና ዳታቤዝ ለመክፈት ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው በመሆኑ፤

ይህንን ፈቃድ ሰው ተቀምጦ አንድ በአንድ ከሚያድል ይልቅ ኮድ ቢሰጠው እንደሚሻል በስብሰባ፣ በስላይድና በሥራ አመራሩ የአዲስ ዓመት መልእክት ሳይቀር ሲነገር የኖረ በመሆኑ፤

ኮዱም ተጽፎ፣ ተፈትኖ፣ ሠርቶ የታየ በመሆኑ፤

ሆኖም ሠርቶ መታየቱ እንዲሠራ ለመፍቀድ በቂ ምክንያት ሆኖ ባለመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የራስ-ሰር ሮል አሰጣጥ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስም ቅር የሚለው የለም።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«ሮል» ማለት ፖዱ ለአጭር ጊዜ የሚዋሰው፣ ሰዓቱ ሲሞላ የሚታደስ የክላውድ ፈቃድ ነው፤

«ፖርታል» ማለት የሮል መጠየቂያ ቅጹ የሚገኝበት ገጽ ነው፤

«ኃላፊ» ማለት የዓመት እረፍት ላይ ያለ ሰው ነው።

አንቀጽ 3. የተፈጻሚነት ወሰን

ሮል በሚጠይቁ ሁሉ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። በሚከለክሉት ላይ አይሆንም።

አንቀጽ 4. መርህ

ማንኛውም ፖድ የሚያስፈልገውን ያህል ፈቃድ ብቻ ያገኛል። ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል። መመሪያው አልወጣም።

አንቀጽ 5. ስለ ሮሉ መለያ

1) ሮል እንዲፈጠርለት የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው በቅጹ ሰባተኛ ሳጥን ውስጥ የሚፈጠረውን ሮል መለያ፣ ማለትም ኤ.አር.ኤኑን፣ ይሞላል። ሳጥኑ ቀይ ኮከብ አለው፤ ባዶውን መታለፍ አይችልም።

2) ሮሉ ገና ያልተፈጠረ መሆኑ በንዑስ አንቀጽ (1) የተደነገገውን ግዴታ አያስቀርም። ያልተፀነሰ ልጅ ለመፀነስ የልደት ካርዱን ይዞ ይቀርባል።

3) የንዑስ አንቀጽ (2) ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የኤ.አር.ኤን. አጻጻፍ የታወቀ ስለሆነ ጠያቂው ባለ 12 አሃዙን የአካውንት ቁጥርና ያሰበውን የሮል ስም ገጣጥሞ አስቀድሞ ሊጽፈው ይችላል። ነገር ግን ፖርታሉ የተጻፈውን ክላውዱ ውስጥ ፈልጎ ሲያጣው «እንዲህ ያለ ሮል የለም» ብሎ ይመልሰዋል። መልሱ ትክክል ነው። የለም። ለዚያ ነው የመጣነው።

4) በንዑስ አንቀጽ (3) መሠረት የተመለሰ ጠያቂ በቻት ማብራሪያ ሲጠይቅ ንግግሩ እንደሚከተለው ይሆናል፦

«ወንድሜ፣ ሳጥን ሰባትን ሙላና ላከው።»

«ሮሉ እኮ ገና አልተፈጠረም።»

«እሺ፣ ሲፈጠር ትሞላዋለሃ።»

«የሚፈጠረው እናንተ ስታጸድቁት ነው።»

«እናጸድቀዋለን፣ ችግር የለም። አንተ ኤ.አር.ኤኑን ብቻ ላክ።»

ከዚህ በኋላ አንድ አውራ ጣት ይላካል። ቲኬቱም «ተፈትቷል» ተብሎ ይዘጋል።

5) ከንዑስ አንቀጽ (1) ግዴታ ነፃ የሚሆኑት የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ) ሮሉ አስቀድሞ ያለው ጠያቂ። ካለው ምን ሊጠይቅ እንደመጣ በመመሪያ ይወሰናል።

ለ) ሥራ አስኪያጁ ለደንበኛ ማሳያ በሚያቀርቡበት ዋዜማ የመጣ ጥያቄ። ይህ በስልክ ይጸድቃል፤ ስልኩ ሳይዘጋ።

ሐ) በፊደል ተራ (ለ) የተሰጠ ነፃነት ማሳያው ሲያልቅ ያበቃል። ሮሉ ግን አይሰረዝም፤ የሚያስታውሰው የለማ።

መ) ጠያቂው ራሱ ኮዱ ሲሆን። ኮዱ ቅጽ መሙላት አይችልም፤ ቅጽ ካልሞላ ሮል አያገኝም፤ ራሱ ሮል ሳይኖረው ለሌላው ሮል መስጠት አይችልም። በመሆኑም በኮዱ ስም ሰው ቁጭ ብሎ ይሞላል፤ ሰውየውም በሪፖርት ላይ «አውቶሜሽን» ተብሎ ይመዘገባል። አውቶሜሽኑን ጉንፋን የያዘው ዕለት ሥራ የለም።

6) ሰው መቼም መላ አያጣም። ሳጥኑን ለማለፍ አድሚን የሆነ ጓደኛ ይፈለግና በተመሳሳይ ስም አንድ ሮል በእጁ እንዲፈጥር ይለመናል። ጓደኛውም ስለሚቸኩል ሙሉ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ «በኋላ እናጠብበዋለን» ይባላል። ኤ.አር.ኤኑ ሳጥን ሰባት ውስጥ ይገባል፣ ፖርታሉ ያገኘዋል፣ ቅጹ አረንጓዴ ይሆናል። የጠበበ ነገር እስካሁን አላየሁም። ለጥበቃ ተብሎ የተሠራው ሳጥን ይኸው አካውንቱን ሁሉን ቻይ በሆኑ ሮሎች ሞላው።

7) በእጅ የሚፈጠር ሮል ማንን እንደሚያምን የሚገልጸው ፖሊሲም በእጅ ይጻፋል። ጸሐፊው ክላስተሩ የፖዶቹን ማንነት የሚያረጋግጥበትን አድራሻ፣ ኔምስፔሱንና የሰርቪስ አካውንቱን ስም አንድ ነጥብ ሳያዛንፍ ይገለብጣል። «ስትሪንግ ኢኳልስ» በሚለው ስር ኮከብ ያስቀመጠ ሰው «ማንኛውም» ያለ መስሎት ያድራል፤ ክላውዱ ግን ኮከቧን ራሷን ነው የሚፈልገው። «ስትሪንግ ላይክ» ማለት ነበረበት። ክላስተሩ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ አድራሻው ስለሚለወጥ ሮሎቹ በሙሉ አዲሱን ክላስተር አናውቅህም ይላሉ። አንዱን ሮል ለብዙ ክላስተር ላካፍል ያለ ደግሞ፣ ይጨመርልኝ ብሎ ካላመለከተ በቀር፣ የፖሊሲው ጣሪያ 2048 ካራክተር ላይ ይገታዋል። ይህን ሁሉ ነው ኮዱ ሻይ ሳይቀዳ ጽፎ የሚጨርሰው። ይህንኑ ነው በሌሊት፣ በደከመ ዓይን፣ በእጃችሁ ጻፉ የተባልነው።

8) አማዞን የኩበርኔትስ ሰርቪስ አካውንት በቀጥታ ሮል የሚወስድበትን መንገድ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ፖድ አይደንቲቲ የተባለውን አወጣ፤ በዚህኛው የእምነት ፖሊሲው ለየትኛውም ክላስተር አንድ ዓይነት ስለሆነ ክላስተር በፈረሰ ቁጥር ሮል መነካካት ቀረ። መሥሪያ ቤታችንም ይህንን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሟል። ኮሚቴው ጥናቱን ለመጀመር ሮል ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው።

አንቀጽ 6. ስለ ኔትወርክ፣ ስለ ወጪና ስለ መጠባበቂያ ቅጂ

እንደ ቀድሞው።

አንቀጽ 7. ስለ ቅጣት

1) ይህንን አዋጅ የተላለፈ ይቀጣል።

2) የሚቀጣው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ልጅ ናት። ለፖዷ ሮል ጠይቃ ሳጥን ሰባት ላይ ቆማ ቀረች። ሪፖርቱ ጠዋት ደንበኛው ጋ መድረስ አለበት እየተባለ ሌሊቱን ስልኳ ሲጮኽ አደረ። በመጨረሻ የቡድን መሪዋ «ለጊዜው» ብሎ ቋሚ አክሰስ ኪይ በቻት ላከላት። እሷም ኪዩን የኩበርኔትስ ስክሬት ውስጥ አስገባችው፣ ሪፖርቱም ደረሰ። ስክሬት ስለተባለ የተቆለፈ እንዳይመስላችሁ፤ በቤዝ 64 የተጻፈ ነው፣ ማንበብ የተፈቀደለት ሁሉ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይገልጠዋል። እንዲህ ያለው ኪይ ደግሞ እንደ ሮል ሰዓቱ ሲደርስ አይከስምም። ሰው እስኪሰርዘው ይኖራል።

3) ኦዲት መጣ፣ ኪዩ ተገኘ። ደብዳቤው ለማን ደረሰ? ሳጥን ሰባትን ለሠራው አይደለም። ኪዩን ለላከው መሪም አይደለም፤ እሱ መልእክቱን አጥፍቶታል። ለእሷ ነው የደረሰው። «የሮል አሰጣጥ ሥርዓቱን ባለመከተልሽ» ይላል።

4) ተከትላለች እኮ! ሳጥን አንድን ሞልታለች፣ ሁለትን፣ ሦስትን፣ እስከ ስድስት ሞልታለች። ከዚያ ወዲያ የምትከተለው ሥርዓት የታለ?

5) በዚያው ሰሞን የወጣው የአፈጻጸም ሪፖርት «የሮል ጥያቄዎች መቶ በመቶ በቅጽ ተስተናግደዋል» ይላል። ውሸት የለበትም። ቅጹን መጨረስ ያልቻለ እንደ ጠያቂ አይቆጠርም።

አንቀጽ 8. ስለ ተሻሩ ሕጎች

ይህንን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም መመሪያ፣ ልማድ ወይም ማስተዋል ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 9. የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች

1) ከሳጥን ሰባት ላይ ቀይ ኮከቡ ይነሳ። የፖርታሉን ኮድ አይቼዋለሁ፣ አንድ መስመር ነው።

2) ጠባቂ ይጥፋ ያለ የለም። ኮዱ ምን ሊፈጥር እንዳሰበ ቴራፎርም ፕላኑን አውጥቶ ያሳያል፤ ሰው ፑል ሪኩዌስቱ ላይ አይቶ ያጽድቅ። ኮዱ ከተሰመረለት በላይ ፈቃድ ለማንም እንዳይሰጥ ፐርሚሽን ባውንደሪ ይደረግበት። ይህ ከቅጹ የጠበቀ እንጂ የላላ አይደለም፤ የደኅንነት ክፍሉም ያውቀዋል፣ ስልጠናውን የሰጡን እነሱ ናቸው።

3) በአንቀጽ 5 ንዑስ አንቀጽ (6) የተወለዱት ሮሎች ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሠሩ ክላውዱ ራሱ ይመዘግባል። ይታይና ያልሠሩት ይሰረዙ።

4) ደብዳቤው ከልጅቷ ማኅደር ይውጣ። ለማውጣትም ቅጽ አለ ከተባለ አምጡት፣ እኔ እሞላዋለሁ።