ሥጋ ሻጫችንን ምርጫ ወሰደብን

ኧረ የሰው ያለህ! ላስ ቬጋስ ውስጥ እጁን አምነን ጥሬ ሥጋ የምንበላለት አንድ ሰው ነበረን፤ እሱንም ምርጫ ወሰደብን። ሳልናገር ከሽንጡ የቱ ጋ እንደምወድ የሚያውቅ፣ ለበዓል ፍሪምባውን ደብቆ የሚያቆይልኝ ባለ ማርኬት፣ ለክላርክ ካውንቲ ኮሚሽነርነት እወዳደራለሁ ብሎ ከተነሳ ወዲህ ቢላውን የያዘው ዳቢትና ጎድን የማይለይ ጎረምሳ ነው። «የቱን ልቁረጥልዎት አባባ?» ይለኛል። እኔ ልንገረው እንዴ? ሐኪም በሽተኛውን «የቱን መድኃኒት ልዘዝልህ?» ብሎ ይጠይቃል?

ሰውዬው ራሱ ብቅ ያለ ቀን ደግሞ አያድርስ ነው። ድሮ «ጋሼ፣ ያለፈው ሒሳብ አለች» ብሎ ፊቱን የሚያኮሳትር ሰው፣ ዛሬ ከሩቅ ጥርሱን እያሳየ ይመጣና አገላብጦ ይስመኛል። ስለ ጉልበቴ ይጠይቃል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቃል። ስለ ዱቤዬ ግን ትንፍሽ አይልም። ያስፈራኝ ይሄ ነው። ዱቤውን የማይጠይቅ ነጋዴ የሚጠይቀው ሌላ ነገር አለው ማለት ነው። እንጀራ ገዝቼ ቤቴ ስገባ ከፌስታሉ ውስጥ ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? እሱ! ከረባት አስሮ፣ ወረቀት ላይ። ባለቤቴ ፍሪጅ ላይ ለጠፈችው፤ አሁን ውኃ ልጠጣ በተነሳሁ ቁጥር ያየኛል።

እድራችን ድረስ መጥቶም ድጋፍ ጠየቀ። እድር እኮ የሚከፍለው ሰው ሲሞት ነው! በቁሙ መጥቶ የጠየቀን እሱ የመጀመሪያው ነው። ገንዘብ ያዣችን አቀርቅሮ ዝም አለ። ደግነቱ ሕግ የምታውቅ አንዲት ልጅ ተነስታ፣ በበጎ አድራጎትነት ተመዝግቦ ከግብር ነፃ የሆነ ማኅበር ለተወዳዳሪ ገንዘብ መስጠት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው ብላ ገላገለችን። አጨበጨብንላት። ከዚያ ግን ቀጠለችና፣ «በግላችሁ ከሆነ በኔቫዳ ሕግ ለማጣሪያው እስከ 5,000 ዶላር፣ ለዋናው ምርጫም ሌላ 5,000 መስጠት ትችላላችሁ» ስትል አዳራሹ በሙሉ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

እኛ ፖለቲካ አናውቅም አይባልም። ቡና ከበን የአዲስ አበባን ካቢኔ ስናፈርስና ስንሠራ እንውላለን። የመኪናችን ጎማ የቆመበትን መሬት ማን ያስተዳድረዋል ቢሉን ግን እንተያያለን። ስንቶቻችን ታክሲ እየነዳን ያረጀንበት፣ ስትሪፕ የሚሉት የካሲኖ ጎዳና የላስ ቬጋስ ከንቲባ ግዛት ይመስለን ነበር፤ ለካ አብዛኛው ከከተማው ወሰን ውጭ ነው! በ1950 ከተማው ካሲኖዎቹን ጠቅልሎ ግብር ሊያስከፍላቸው ቋምጦ ሳለ፣ እነሱ ቀድመው ፓራዳይስ የሚባል የራሳቸው ክልል አስከለሉና ከእጁ ወጡ። እዚያ የሚያዘው ካውንቲው ነው። ካውንቲውን የሚያዙት ደግሞ ከኤ እስከ ጂ በተሰየሙ ሰባት ወረዳዎች የሚመረጡ ሰባት ኮሚሽነሮች ናቸው። ተራ ስንጠብቅ ዕድሜያችንን የጨረስንበት፣ እስከ 2021 ማካረን ይባል የነበረው የዛሬው ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያም የካውንቲው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር የሚባለው ትልቁ የሕዝብ ሆስፒታልም ቦርዱ እነዚሁ ሰባቱ ናቸው። በ2020 ቆጠራ ካውንቲው ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረው፤ ለአንድ ኮሚሽነር ከ300,000 በላይ ነፍስ ይደርሰዋል። ያ ሁሉ ሰው አንድ በአንድ ተገላብጦ ሊሳም ነው? ታዲያ ሥጋውን ማን ይቆርጣል?

ሰዉም ከሱ አይሻልም። አንዱ የእህቱን ቪዛ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የልጁን የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ሦስተኛው የታክሲ ክሱን። ልጄ፣ የቬጋስን ታክሲ የሚቆጣጠረው የክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት ነው፤ ካውንቲው አይደለም! ቪዛውንማ ተወው። ኮሚሽነር የሚያየው ቦታው ለመኖሪያ ይሁን ለንግድ፣ መጠጥ ማን ይሽጥ፣ በጀቱ ምን ላይ ይዋል የሚለውን ነው። ሰውዬው ግን ሁሉንም «እናየዋለን» እያለ ይሸኛቸዋል። እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጥ ባየሁ ጊዜ ነው፣ እውነትም ባለሥልጣን ሊሆን ነው ብዬ የደነገጥኩት።

ይህን ሁሉ መዘዝ ያመጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፓርኪንግ! ማርኬቱ በር ላይ የሚቆም መኪና እየተጎተተ ቢያስመርረው ነው ወንበሩን የተመኘው። አሁን ሕጉን አንብቡለት፦ በኔቫዳ አንድ ተመራጭ የራሱን ንግድ የሚነካ ጉዳይ ሲመጣ ጥቅም እንዳለው በይፋ ተናግሮ ከድምፅ መታቀብ አለበት። ሰውዬው ቢመረጥ የማንንም ፓርኪንግ ያስተካክላል፣ የራሱን ግን እጁን አጣጥፎ ያያል። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይሉ ነበር፤ ይሄ ደግሞ ሳይሾም ሲያበላን ኖሮ፣ ሊሾም ሲል አስራበን።

ዋናው ጉድ ግን ገና ነው። ክረምቱን ሙሉ የኛን የቡና ጠረጴዛ ሲሰብክ ከረመ። ጠረጴዛው ላይ ማን አለ? በቀይ ሽብር ዘመን ፓርቲ የሚባል ነገር ምን እንደሚያመጣ ያየ ሽማግሌ ሁሉ። እኛ ዜግነት ወስደን ለመራጭነት ስንመዘገብ «ፓርቲ?» ሲሉን፣ «ኧረ በጭራሽ! የለኝም!» ብለን ምለን ነው የፈረምነው። እዚህ ሀገር ግን የካውንቲ ኮሚሽነር በፓርቲ ነው የሚወዳደረው፤ የኔቫዳ የሰኔ ማጣሪያ ደግሞ ዝግ ነው፣ ፓርቲ የሌለው ሰው የፓርቲዎቹን ዕጩ መምረጥ አይችልም። ስለዚህ ሰውዬው ከጠረጴዛው ተነስቶ ሲሄድ አንድም ድምፅ ይዞ አልሄደም። ያ ሁሉ ነፃ ቡና፣ ያ ሁሉ ምሕረት የተደረገለት ዱቤ ውኃ በላው!

እኔ እንኳ ለሱ አዝኜ አይደለም፤ ለሆዴ አዝኜ ነው። ማጣሪያውን ወድቆ ቢመለስልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ልጄ ስለ ስብሰባቸው የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ኮሚሽነሮቹ በወር ሁለት ማክሰኞ ጠዋት ይቀመጣሉ፤ ማንም ተራ ሰው ተነስቶ ለሦስት ደቂቃ የፈለገውን መናገር ይችላል፤ እነሱም ተቀምጠው ይሰማሉ። እስቲ አስቡት። በጃንሆይ ጊዜ ደጅ ጠናሁ፣ በደርግ ጊዜ ተሰብሰብ እየተባልኩ እኔው አዳማጭ ነበርኩ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን የሚሰማኝ የለም። አሁን ተቀምጦ እንዲሰማኝ ሕግ የሚያዘው ባለሥልጣን ሊኖረኝ ነው፤ ያውም አማርኛ የሚችል!

ልጄ ወዲያው በስልኳ ፓርቲ አስገባችኝ። ያን ሁሉ ዘመን የሸሸሁት ነገር ቡናው ሳይፈላ አለቀ። የድምፅ መስጫው እንደ ደንባቸው በፖስታ እቤቴ ድረስ ይመጣል፤ ለሰውዬውም እመርጣለሁ። ሦስት ደቂቃ ለሰላምታዬ እንኳ አትበቃም፤ ቢሆንም በየተራው ማክሰኞ እየሄድኩ ከቆምኩበት እቀጥላለሁ። መጀመሪያ የማነሳው ያን ሥጋ የማይለይ ጎረምሳ ነው። ኮሚሽነሩ የራሴ ንግድ ነው ብሎ ከድምፅ ይታቀብ፤ ከመስማት ግን አይታቀብም።