የእመት ማስኮት ዘዩኒቨርሲቲ አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ከጅጋና ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ፣ ከቡሬ በአይሱዙ ተጭናችሁ የደረሳችሁ ዘመድ አዝማድ፤ ንፍሮው እስኪቀርብ ድረስ የሟችን አጭር የሕይወት ታሪክ እናሰማችኋለን። ከድንኳኑ ጀርባ ያላችሁ ጎረምሶች አረቄውን አስቀምጡት። ደምበጫ ስለሆንን ብቻ በለቅሶ ላይ አይጠጣም።

እመት ማስኮት ከአባታቸው ከሙሴ ኦድራን፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦፔራ በ1880 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ከተማ ተወለዱ። «ላ ማስኮት» የተሰኘው የአባታቸው ኦፔራ ስለ አንዲት የቱርክ ዶሮ ጠባቂ ልጃገረድ ነው፤ ገደኛ ናትና የያዛት ሰው ሁሉ ይቀናዋል። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1889 እ.ኤ.አ. የል ዩኒቨርሲቲ ሃንድሰም ዳን የተባለ ቡልዶግ ከኳስ ሜዳው ዳር አቁሞ ገድ ይለው ጀመር፤ ማስኮት ማለት እንዲህ ያለ የቡድን ገድ ነው። ውሻው ሲሞትም አልቀበሩትም፤ ቆዳውን ሞልተው በመስታወት ሣጥን አኖሩት። እኛ ዘንድ ውሻ ሲሞት የት እንደሚጣል ታውቃላችሁ፤ እዚህ አልዘረዝረውም።

ሟች ወደ አገራችን ለመግባት ከ1954 የተሻለ ዕድል አልነበራቸውም። በዚያ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ከስድስት ኪሎው ግቢ አጠገብ አንበሳ ግቢ ነበር፤ ከ1940 ጀምሮ ጥቁር ጋማቸው ከደረት አልፎ ሆዳቸው ድረስ የሚወርድ አንበሶች የኖሩበት። ተማሪው አልጋው ላይ ሆኖ ግሳታቸውን እየሰማ ያድር ነበር። አንድ ቡልዶግ ለየል ያን ያህል ክብር ካስገኘ፣ የስድስት ኪሎ ጎረቤት ምን ባስገኘ!

ነገር ግን አንበሳው ሥራ በዝቶበት ነበር። ሰንደቅ ዓላማው ላይ ዘውድ ደፍቶ ይቆማል፣ ሳንቲሙ ላይ አለ፣ የከተማው አውቶቡስም በስሙ ይጠራል። ደግሞም የዚያ ዘመን ተማሪ በ1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣ ነው። የንጉሡን አንበሳ ማሊያው ላይ ለጥፎ ኳስ ይጫወታል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። ቆይቶ ደርግ መጣና አንበሳውን ከሰንደቅ ዓላማው አወረደው፤ እመት ማስኮትም በዚያው ተስፋ ቆረጡ።

አዲስ አበባን ትተው ወደ ጎጃም ከመጡ በኋላ ኑሯቸው በዚሁ ዋና መንገድ ላይ ነበር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ሲመሠረት ደጅ ጠኑ፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ሄዱ፤ ቡሬ ላይ ካምፓስ ሲያቋቁምም ተከትለው ወረዱ። የዲፓርትመንት ውድድር ያየ ሰው ችግራቸውን ይረዳል። ሜካኒካልና ሲቪል ይገጥማሉ፤ የሁለቱም ማሊያ አንድ ዓይነት ቀለም ይሆንና አንደኛው ቡድን ሰደርያ ይደርባል፤ ሰደርያው ዘጠኝ ብቻ ስለሆነ የቀሩት ሁለት ልጆች ማሊያቸውን ገልብጠው ይለብሳሉ። ደጋፊው የሚጮኸው «ሜካኒካል! ሜካኒካል!» እያለ ነው። እስቲ አሁን በዚህ ማን ይደነግጣል?

ሟች ልጅ አልወለዱም። የወንድም ልጆች ግን አሏቸው፤ ሁሉም ደህና ኑሮ ይዘዋል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረሰኞቹ፣ የአርባ ምንጭ አዞዎቹ፣ የወላይታ ድቻ የጦና ንቦች፣ የባሕር ዳር የጣና ሞገዶቹ፤ ዛሬ ለቅሶ ባይመጡም መልእክት ልከዋል። እነዚህ የሚኖሩት አገሬው ስለሚጠራቸው ነው። ዩኒቨርሲቲ ግን አገሬ የሚለው ሰው የለውም። ተማሪው በምደባ ይመጣል፤ አንዱ ከሐረር፣ አንዱ ከጋምቤላ፤ አራት ዓመት ቆጥሮ፣ ጋውን ለብሶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ኳስ ቤት ገብቶ ማንቸስተር ዩናይትድን «ቀያይ ሰይጣኖች» ብሎ ሳያማትብ ይጠራል። የእኛው የደምበጫ ልጅ፣ ጾም የማይገድፈው፣ ሰይጣን ሲያሸንፍ እየዘለለ ይጨፍራል! አባቶች እዚህ አላችሁና እናንተው ፍረዱ።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ይህ አገር ሰውን በፈረሱ ስም የጠራ አገር ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ጌታው ሲፎክር ፈረሱ ይጠራል፤ ፈረሱ ሲጠራ ጠላት ማን እንደመጣበት ያውቃል። ሙሴ ኦድራን ሳይወለድ እኛ ዘንድ ነገሩ ነበር። ያውም ከቡሬ አለፍ ብሎ እንጅባራ አለ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ጀምሮ ጥር 23 በመጣ ቁጥር በዓሉን ያከብራል፤ ፈረሱ በቀይና በቢጫ ጥልፍ አጊጦ፣ ግንባሩ ላይ ጌጥ አንጠልጥሎ ሜዳውን ሲሞላው ያየ አይረሳውም። በዚያችው ከተማ ዩኒቨርሲቲ አለ። እመት ማስኮት በዘመድ መካከል ተርበው ሞቱ የምንለው ለዚህ ነው።

ሟች ባደረባቸው የደጋፊ እጦት በጠበልም በስብሰባም ሲረዱ ቆይተው አርፈዋል። ነፍስ ይማር። ሐውልት አሠሪ ኮሚቴ እንዳይቋቋም አደራ፤ አበሉ ብቻ ሐውልቱን ይበልጣል። ከልቡ ያዘነ የዩኒቨርሲቲ ሰው ካለ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ይውጣ። ፈረሱ እዚያ አለ፤ የቀረው ማሊያ ላይ ማሳል ነው።