ጀልባ የገዛው የደነባ ልጅ

ደነባ ውስጥ ክሪክ የማያውቅ ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ጤፉን፣ ስንዴውንና ምስሩን የሚሰጠን ጥቁር አፈር ክረምት ሲገባ ጠባዩን ይቀይርና አይሱዙ መዋጥ ይጀምራል። ያኔ ሾፌሩ እያጉረመረመ ይወርዳል፤ ረዳቱ ክሪኩን አውጥቶ ጭቃው ላይ ያስቀምጥና እጀታውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይይዛል። መኪናው ንቅንቅ አይልም፤ ክሪኩ ግን ቀስ በቀስ ከዓይን ይሰወራል። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ረዳት ክሪኩ ተበላሽቷል ብሎ ይራገማል። የደነባ ልጅ ግን አይሸወድም። ክሪኩ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፤ መኪናውን ማንሳት ሲከብደው ኢትዮጵያን ወደ ታች እየገፋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሳንቃ ይነጠፋል።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ጀልባ ነው።

የአክስቴ ልጅ ዳላስ ይኖራል። ደነባ ሳለ ከጉልበቱ በላይ የሆነ ውኃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ የጃማን ወንዝም የሚያውቀው ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል እያየ ነው። አሜሪካ ገብቶ፣ ሠርቶ፣ ወልዶ፣ ከብዶ ሲያበቃ ጀልባ ገዛ። ሰዎቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወንዝ ገድበው የሠሩት ሬይ ሀበርድ የሚባል ሐይቅ ከሰፈሩ ብዙ አይርቅምና ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ያጠምዳል። አጥምዶ ይመዝነዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ ከዚያ መልሶ ይለቀዋል። አክስቴ ይህን የሰማች ዕለት «ታዲያ ምን አድርጎህ ያዝከው?» ብላ ጠየቀችው። እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘችም።

የጀልባው ሞተር ከኋላ የተንጠለጠለ ነው። በሞተሩና በጀልባው ጀርባ መካከል ጃክ ፕሌት የሚሉት ነገር ተገጥሟል። አንደኛው ወፍራም የአልሙኒየም ሰሌዳ ጀልባው ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ሁለተኛው ሞተሩን ተሸክሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። የሚገፋው የሃይድሮሊክ ክንድ ነው፤ ክንዱ ዘይት የሚያገኘው በ12 ቮልት ከሚሠራ ፖምፓ ነው፤ ፖምፓው የሚታዘዘው በአንዲት ትንሽ ማብሪያ ነው። ሞተሩን ሳያዘነብል ቀጥ አድርጎ ስለሚያነሳው ውኃው በሳሳበት ቦታ ፕሮፔለሩ ደለሉን አይልስም። በፍጥነት ሲኬድ ደግሞ ውኃ ውስጥ የሚጎተተው ብረት ስለሚቀንስ ጀልባው ይቀለዋል። ጣጣ ግን አያጣውም። ሞተሩ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ማቀዝቀዣ ውኃ የሚስብበት ቀዳዳ ከውኃው ወጥቶ አየር መሳብ ይጀምራል፤ ያኔ ሞተሩ ይግላል።

«ሞተሩም ውኃ ይጠጣል?» አለች አክስቴ።

«አዎ እማዬ።»

«ውኃ ላይ ተኝቶ ውኃ ከጠማው ጤነኛ አይደለም።»

ጃክ ፕሌቱ ሥራ ያቆመው በነሐሴ መጀመሪያ፣ እኛ ፍልሰታን በያዝንበት ሰሞን ነው። እዚያው ዳላስ ያለ አንድ የጥገና ሱቅ ወረፋው ሳምንታት እንደሚፈጅ ነግሮ ዋጋም ጠራለት። አክስቴ ዶላርን የምትመነዝረው ወደ ብር አይደለም፤ ወደ በሬ ነው። ዋጋውን ስትሰማ ትንሽ አሰላችና «ሁለት የጅሩ ሰንጋ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው «ጋሼን አናግረው» አለችው።

ጋሼ የሰፈራችን መካኒክ ናቸው። አይሱዙ፣ ትራክተር፣ ባጃጅና የወፍጮ ሞተር ሲያክሙ ኖረዋል። ጀልባ አይተው አያውቁም፤ ነገሩ ግን ከእሳቸው በቀር ሁሉንም አሳስቦ ነበር። «ዘይት አለው?» አሉኝ። አለው አልኳቸው። «ዘይት ካለው ዘመዴ ነው።»

እናም አንድ ማታ፣ እኛ ጋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ እሱ ጋ ገና ቀትር ሰባት ሰዓት ላይ፣ አክስቴ ቤት ስልኩን ሰፌድ ላይ አስደግፈን ተሰበሰብን። ጋሼ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል። የአክስቴ ልጅ ግቢው ውስጥ ተጎታች ላይ ባቆመው ጀልባ ጀርባ በካናቴራ ቆሞ ላቡ ይንጠባጠባል። «ልብስህን ምን ዋጠው?» አለች እናቱ ከሰላምታ በፊት። ሙቀቱ 38 ዲግሪ መሆኑን ቢያስረዳም ቁጥሩ ለእሷ የሕመም ቁጥር ነው።

ሌላም ሰው ተገኝተዋል። ሰፈሩ «ባሕረኛው» የሚላቸው፣ በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ አዛውንት ናቸው። መርከቦቻችን በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ከወጡ ወዲህ ስለ መርከብ የሚጠይቃቸው ሰው ጠፍቶ ነበርና ጀልባ ተበላሸ ሲባል ሳይጠሩ መጡ። ባሕር ኃይሉ እንደገና በተቋቋመበት ዘመን እንኳ እንዲህ ደስ ብሏቸው አላየሁም። ስልኩ ላይ አጎንብሰው «መልሕቅ ጥለሃል?» አሉ። ጀልባው ግቢ ውስጥ፣ ጎማ ባለው ተጎታች ላይ፣ የጽጌረዳ ተክል አጠገብ እንደቆመ አስረዳናቸው። «ቢሆንም» አሉ።

ጋሼ ወደ ሥራው ገቡ። የመጀመሪያ ግምታቸው ዘይቱ ረግቷል የሚል ነበር። በደነባ ብርድ ማለዳ ማለዳ የክሪክ ዘይት ስለሚወፍር ግምቱ በእኛ አገር ያስኬዳል። ከስልኩ ውስጥ ላብ እየጠረገ የሚያያቸውን ልጅ ሲያዩ ግን ራሳቸው ሳቁና ተዉት።

«ማብሪያውን ስትጫን ምን ይላል?»

«ጠቅ ይላል፤ ከዚያ ዝም።»

«ወደ ታችስ ስትለው?»

«እሱም ጠቅ ብቻ።»

ጋሼ ጋቢውን ከአንድ ጆሯቸው ላይ ገለጡ። ለማንሻ አንድ፣ ለማውረጃ አንድ ሬሌ አለው። ቢወርድና መነሳት ቢያቅተው ኖሮ ሁለቱን ሬሌዎች አቀያይሮ ማየት ነበር፤ ችግሩ አብሮ ከተዛወረ ሌባው ተያዘ ማለት ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ሞቱ ማለት ግን ለማመን ያስቸግራል። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር ይፈለግ አሉ፤ ባትሪ፣ ፊውዝ ወይም ጥቁሯ ሽቦ።

«ባትሪው ደህና ነው ጋሼ፤ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል።»

«የሞተሩ ሽቦ ደህና ነው ማለት ነዋ! የፖምፓው ሽቦ ሌላ ሰው ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሬሌ ጠቅ ለማለት ትንሽ ኤሌክትሪክ ይበቃዋል፤ ፖምፓ ለመዞር ግን ብዙ ይፈልጋል። በዛገ መያዣ በኩል ትንሿ ታልፋለች፣ ብዙው ይቀራል። የአክስቴ ልጅ የፖምፓውን ጥቁር ሽቦ ተከትሎ ሄዶ ባትሪው ላይ የታሰረበትን ጫፍ ሲያሳየን አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። በካቻቢቴ ፋቀው፣ አጸዳው፣ አጥብቆ አሰረው። ማብሪያውን ሲጫን ፖምፓው ጮኸ። እኛም ጮኽን። አክስቴ እልል ልትል ስትል ጋሼ እጃቸውን አነሱ።

ፖምፓው ይጮኻል፤ ሞተሩ ግን ካለበት አልተንቀሳቀሰም።

እዚህ ላይ የሃይድሮሊክን ነገር ትንሽ ላውራ፤ እነሱ ዳላስና ደነባ ሆነው ሲጨቃጨቁ ይቆዩ። ፓስካል የሚባል ፈረንሳዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ተዘግቶ የተያዘ ፈሳሽ አንድ ቦታ ላይ ሲጫኑት ግፊቱ ሳይቀነስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚደርስ አስረዳ። ከዚያ ጆሴፍ ብራማህ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1795 የሃይድሮሊክ መጭመቂያ የፈጠራ መብት አወጣ። (ይኸው ሰው በ1778 ደግሞ በውኃ ለሚታጠብ መጸዳጃ የፈጠራ መብት አውጥቷል፤ ግፊት የሚባለው ነገር ከልቡ ያሳሰበው ሰው ነበር።) የፖምፓው ፒስተን ውፍረት 1 ሳንቲ ሜትር፣ የሚነሳው ክንድ ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ኃይሉ 16 እጥፍ ይሆናል። በነፃ ግን አይደለም፤ ክንዱ የሚነሳው ፒስተኑ የሄደውን ርቀት አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነው። የአይሱዙው ረዳት ክንዱ እስኪደክም እጀታውን እያወዛወዘ መኪናው በጣት ስፋት የሚነሳው ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ታዲያ ፈሳሹ እንደማይጨመቅ በማመን ነው። ውስጡ አየር ከገባ ፖምፓው ሲጫን የሚጨመቀው አየሩ ነው፤ ክንዱ ምንም አይደርሰውም።

ጋሼም ያሉት ይህንኑ ነው፤ ፓስካልን ሳይጠሩ። «ነፋስ ነው የሚያኝከው። ዘይቱን እይ።»

የዘይቱ ማጠራቀሚያ ሲከፈት ዘይቱ ከመምጠጫው በታች ወርዷል። የአክስቴ ልጅ መደርደሪያው ላይ ዓይኑን ጣለና «ጋሼ፣ የፍሬን ዘይት አለኝ፤ እሱን ልጨምርበት?» አለ።

ጋሼን እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ጋቢው ወደቀ። በእኛ አገር ስንት ክሪክ የተቀበረው በፍሬን ዘይት ነው! ለማዕድን ዘይት የተሠራውን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ክሪኩ መኪና ተሸክሞ ሰው ሥሩ ሳለ ቀስ ብሎ መውረድ ይጀምራል። «መጽሐፍ የለውም?» አሉት። ነበረው። መሳቢያ ውስጥ፣ ከነላስቲኩ፣ ሳይገለጥ። መጽሐፉ የመሪ ዘይት ይላል፤ የመሪ ዘይት ደግሞ ጋራዡ ውስጥ ነበር።

«ከመነካካትህ በፊት ሞተሩን ድንጋይ አስደግፈው» አሉ ጋሼ። በሃይድሮሊክ ብቻ ከተንጠለጠለ ብረት ሥር እጅ አይገባም፤ ይህን ሕግ ደነባ ውስጥ ያልተማረ መካኒክ ጣቱን ቆጥሮ ማየት ነው። የአክስቴ ልጅ ግቢውን ዞሮ ተመለሰ። ድንጋይ የለም። ድንጋይ የሚሸጥበት መደብር ግን ሩቅ አይደለም አለ። ባሕረኛው ኮስተር ብለው «ድንጋይ ገዝቶ?» አሉ። በመጨረሻ ወፍራም እንጨት ተገኘ።

ዘይቱ የት ሄደ? ሲፈለግ በቱቦው መጋጠሚያ በኩል ያልባል። «አሥራ አራት ቁልፍ አምጣ» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ እዚህ በኢንች ነው። ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ የሚለው ይሆን ይሆናል።»

«አሥራ አራትን እንደዚህ እያጠማዘዙ መጥራት ምን ይባላል?»

ገጠመ። ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች በሚሊ ሜትር 14.3 ስለሚሆን ጋሼ በዚህም አልተሸነፉም። መጋጠሚያው ጠበቀ፣ ዘይት ተሞላ። ከዚያ አየሩን ማስወጣት ነው፤ እስከ ላይ ማንሳት፣ እስከ ታች ማውረድ፣ ዘይቱን ማየት፣ ሲጎድል መጨመር፣ እንደገና መጀመር። በስተመጨረሻ አረፋው ጠፋና ሞተሩ ቀጥ ብሎ ተነሳ። አክስቴ ያቋረጠችውን እልልታ ጨረሰችው። ጎረቤት ድግስ አለ ብሎ በሩን አንኳኳ።

ባሕረኛው ሥራው እንዳይጓደል አንድ ትእዛዝ ሰጡ፤ «ውኃ ላይ ስትወጣ የውኃ ግፊት መለኪያውን እያየህ ከፍ አድርግ፤ ሲወርድ አንተም አውርድ።» ይህ ትክክል ነው። አክስቴም የራሷን ጨመረች። «ዋና ትችላለህ?» አለችው። የአክስቴ ልጅ ኔትወርኩ ተቆራርጦብኛል አለ። ምስሉ ግን ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

ጃክ ፕሌቱ አሁን ይሠራል። ከፍ ተደርጎ ሲያድር ጠዋት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ጋሼ ወይ የክንዱ ጎሚኒ ወይ የፖምፓው ቫልቮላ ነው ብለው ፈርደዋል፤ ለእሱም ሌላ ማታ ተቀጥሯል። ሁለቱ ሰንጋዎች ተርፈዋል። ዓሣዎቹም ተርፈዋል፤ እነሱ ድሮም ይተርፉ ነበር።

ውኃ አጠገብ ያላችሁ የአገሬ ልጆች፣ ጃክ ፕሌታችሁ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጥቁሯን ሽቦ እዩ፤ እየጮኸ አልነሳም ካለ ዘይቱን እዩ፤ የፍሬን ዘይቱን ግን ወደ ቦታው መልሱ። ጋሼ ማታ ማታ ስልክ ያነሳሉ። የገበያ ቀን አይሱዙ ስለሚበዛባቸው አትደውሉ።