ክር ፍለጋ በላስታ

ላሊበላ ሰርግ ላይ ክራር እንድመታ ስጠራ ትንሿ ክራሬ ቀንበሯ ተሰንጥቆ ስለነበር የያዝኩት ያንን ረጅሙን ቤዝ ክራር ነው። ቤዝ ክራር ብቻውን ለሰርግ አይሆንም፤ ያጉረመርማል እንጂ አያስጨፍርም። እኔ ግን ዘዴ ነበረኝ። አሜሪካዊው የጃዝ ሰው ስታንሊ ክላርክ በቤዝ ጊታር ላይ ቀጫጭን ክር አስሮ ከተለመደው ቤዝ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ይጫወታል፤ ፒኮሎ ቤዝ ይሉታል። ስሌቱም ግልጽ ነው፦ የክሩ ዓይነት፣ ርዝመቱና ውጥረቱ ሳይለወጥ ድምፁ አንድ ኦክታቭ እንዲወጣ ውፍረቱ በግማሽ ይቀንሳል። እናም ቀጭን የጊታር ሽቦ ገዝቼ ወጠርኩበት።

ደሴ፣ ወልድያ፣ ጋሸና፣ ላሊበላ፤ እስከዚያ ሽቦው ጨዋ ነበር። በሰርጉ ዋዜማ መቃኘት ስጀምር አንዱ ጧ! አለ። ሌላውም ተከተለ። የጊታር ሽቦ የሚሠራው ለጊታር ርዝመት ነው፤ በረዘመ ክራር ላይ ያንኑ ድምፅ አውጣ ሲሉት ውጥረቱ ይበዛበታል። ሱቁን ሁሉ ባስስ ምትክ የለም።

ማሲንቆ መቺው አዛውንት ሁኔታዬን አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ግቢው ሙሉ በግ እየታረደ ክር ፍለጋ ትዞራለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የበገና አውታር የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው፤ የድሮ ክራርም እንዲሁ ነበር። ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ይገመዳል፣ ተወጥሮ ይደርቃል። «ጋሼ፣ ለነገ ይደርሳል?» አልኳቸው። «ፀሐይዋን ጠይቃት» አሉ። ለእሳቸው ምን ቸገራቸው፣ የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ አንድ ዘለላ ይበቃዋል። አጥቤ፣ ፍቄ፣ ገምጄ አጥሩ ላይ ወጠርኩት። ጭላት መጣና ይዞት በረረ። የሰርግ ቤት ልጆች እስካሁን ሲስቁ ይሰማኛል።

ያዳነኝ ጫማ ሰፊ ነው። የሚሰፋበትን የናይለን ክር ሰጠኝ። ድምፁ ድፍን ነው፣ ያብለጨለጨ ነገር የለውም፤ ግን ይወጠራል፣ አይበጠስም።

ከዚያ ቅኝቱ መጣ። ክራር እንደ ፒያኖ ተቀርጾ የተቀመጠ ድምፅ የለውም፤ የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ነው። አስናቀች ወርቁና ካሳ ተሰማ ለገዛ ድምፃቸው እየቃኙ ሲዘፍኑ፣ እኔ ለሙሽራዋ አክስት መቃኘት ነበረብኝ። እኔ ትዝታ ቃኝቼ ስጠብቅ እትዬ አምባሰል አሉ። ወሎ ላይ ይህ መብታቸው ነው። ከሙሉው ትዝታ ወደ አምባሰል ለመግባት ሁለተኛው ክር ግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣ ሦስተኛው ግማሽ ይወጣል፣ አምስተኛው ግማሽ ይወርዳል፤ አንደኛው፣ አራተኛውና የአንደኛው ኦክታቭ የሆነው ስድስተኛው አይነኩም። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የጫማ ክር ግን ያወረዱትን ያህል ወርዶ አይቆምም፤ ቀስ እያለ ይላላል። እትዬ ሁለተኛውን ዘፈን ሲጨርሱ የእኔ አምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ተጠግቶ ነበር። ማሲንቆው በጣት ማንሸራተት ብቻ አብሯቸው ወጣ፣ አብሯቸው ወረደ። ቀናሁበት።

ክላርክ ልክ ነው፤ ረጅም መሣሪያ በቀጭን ክር ይቀጥናል። ቀጭን የጊታር ሽቦ ግን የእኔን ቤዝ ክራር አልቻለውም፤ ናይለን ይሻላል። ከደሴ ወደ ወልድያ የምትጓዙ ክራር መቺዎች፣ መንገዱ በሐይቅ ከተማ በኩል ነው፤ እዚያ ዓሣ ይጠመዳል። ውረዱና የማጥመጃ ክር በቀጭኑም በወፍራሙም ግዙ፣ ለላስታ ሰርገኛም ትርፍ ያዙ።