ነጭ ወይን ጎጃም ሲገባ

ፍኖተ ሰላም ሆቴል ገብቶ «ነጭ ወይን አለ?» የሚል እንግዳ መልሱን ቀድሞ የሚያገኘው ከመደርደሪያው ነው። ከኡዞው ጀርባ፣ ከፕላስቲክ አበባው አጠገብ፣ ፀሐይ ሲሞቅ የከረመ አንድ ጠርሙስ ቆሟል። አቧራው ተጠርጎ ይቀርባል፤ ሙቀቱ ግን እንዳለ ነው። እንግዳው በረዶ ከጠየቀ «ጉንፋን እንዳይዝዎት» የሚል ምክር በነፃ ይጨመርለታል።

ጠርሙሱ የዝዋይ ልጅ ከሆነ ሻርዶኔ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ሐይቁ አካባቢ ወይን ተክሎ፣ ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡበት ዙሪያውን ቦይ አስቆፍሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያውን ምርት አሸገ። ሻርዶኔ ክፉ አይደለም፤ ግን ያልተተከለበት አገር የለም ማለት ይቻላል። ጨዋታው ያለው ስማቸው ምላስ ከሚያስር ዘሮች ዘንድ ነው።

ለዚህ ደግሞ ከምዕራብ ጎጃም ሰው የተሻለ ዳኛ የለም። እርግጥ ወይንን የሚያውቀው ከዕጣንና ከጧፍ ጋር ለቤተ ክርስቲያን በሚሰጠው ዘቢብ ነው። ማርን ግን በአበባው ይለያል፤ ከመስቀል በኋላ የሚቆረጠውን የአደይ አበባ ማርና ግንቦት ሰኔ ላይ የሚቆረጠውን የብሳና ማር አንድ ነው ብሎ የሚሸጥለት ነጋዴ ገበያ ውሎ አይገባም።

ውጭ የሚኖር አንድ የቡሬ ልጅ ለጥር ሰርግ ሲመጣ ሦስት ጠርሙስ በጋቢ ጠቅልሎ አመጣና አጎቱ ፊት ቀዳ። መጀመሪያ አሲርቲኮ፣ ከግሪኳ ሳንቶሪኒ ደሴት፤ ሐረጉ ነፋስ እንዳይጎዳው በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ እንደ ቅርጫት ተጠምጥሞ ነው የሚያድገው። አጎት ጎንጨት አሉ።

«ሎሚ ጨምቃችሁበታል?»

አልተሳሳቱም፤ አሲርቲኮ ስሙን ያስጠራው ሙቀት የማይበግረው ኮምጣጣነቱ ነው።

ቀጥሎ የጆርጂያው ርካጺቴሊ መጣ። ጆርጂያውያን እስከ አንገቱ በተቀበረ ጋን ውስጥ ከነልጣጩ ያፈሉታል፤ ዘዴው እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ነጭ ይባል እንጂ መልኩ ጠጅ ነው። አጎት ብርሌ አስመጥተው ገለበጡበትና፣ «ጋኑን በወይራ ማጠን ረስተዋል እንጂ ሰዎቹስ የኛው ናቸው» አሉ።

መጨረሻ የተከፈተው የፈረንሳይ ጁራ ቢጫ ወይን ነበር። ሳቫኛ ከሚባል ወይን ይጠመቅና በርሜሉ ሳይሞላ፣ የእርሾ ስልባቦት ለብሶ፣ ቢያንስ ስድስት ዓመት ከሦስት ወር ይቀመጣል። ጠርሙሱም የሚይዘው 62 ሳንቲ ሊትር ብቻ ነው፤ ከአንድ ሊትር የሚተርፈው ይህን ያህል ነው ይባላል።

«ሠላሳ ስምንቱን ማን ጠጣው?»

«ተንኖ ነው፣ ጋሼ።»

አጎት ወደ ጓዳ ገልመጥ አሉ። «የኛዋም ጠጅ ጣይ ጋኑ ሲጎድል እንደዚሁ ነው የምትለኝ።»