ስልክ የሚመረጠው በጀርባው ነው

ስልክ ልትገዛ ያሰብህ ወንድሜ፣ አስቀድሜ እንኳን ደስ ያለህ ልበልህ። ቀጥሎ አንድ ምክር አለኝ፤ የስልኩን ፊት እንዳታይ። ስልክ የሚመረጠው በጀርባው ነው። ፊቱን የምታየው አንተ ብቻ ነህ፤ ጀርባውን ግን ካፌ ውስጥ ፊት ለፊትህ የተቀመጠው ሁሉ ያየዋል። ታዲያ ለማን ብለህ ነው የምትገዛው?

መገናኛ ካሉት የሞባይል ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ በል። ለስንት ዓመት እንደሚያገለግልህ፣ ስንት ሲም እንደሚይዝ እንዳትጠይቅ፤ ትናንት ስልክ ያየህ ትመስላለህ። "ፓክድ ነው ወይስ ስላይትሊ ዩዝድ?" በል። ሻጩ አይፎን 11 አውጥቶ "ባትሪ ሄልዙ 82 ነው" ሲልህ፣ ሐኪም የምርመራ ውጤት እንዳነበበልህ ሁሉ ራስህን በዝግታ ነቅንቅ። በ2019 የወጣው አይፎን 11 ባትሪው አዲስ እያለ እንኳ 3,110 ሚሊአምፒር እንደነበር፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ካሉት ርካሽ ቴክኖዎችና ኢንፊኒክሶች ብዙዎቹ 5,000 እንደሚይዙ የሚነግርህ ቢመጣ ጆሮ አትስጠው፤ ምቀኛ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ቁጠርልኝ። አይፎን ባትሪ ቆጥቦ እንደሚጠቀምም አውቃለሁ፤ ያገለገለ ባትሪ ግን ከምኑ ይቆጥባል?)

ገንዘቡስ? ዕቁብ ለምን ተፈጠረ! አባቶቻችን በዕቁብ ሱቅ ከፈቱ፣ ቤት ሠሩ፤ እኛ ከዚያ አድገን ፖም ላይ ደርሰናል፤ ያውም የተገመጠ ፖም። አንድ የሰፈሬ ልጅ ዕጣው ገና በሁለተኛው ወር ወጣለትና አይፎን ገዛበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው በፊቱ ደፍቶ ነው። ከቨሩም ለዚሁ የተሠራ ነው፤ መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው፣ ፖሙ እንዳይታፈን።

አሜሪካ ዘመድ ካለህማ ታድለሃል፤ አይፎን 14 ይላክልሃል። እዚያ የሚሸጠው ከ14 ጀምሮ የሲም መክተቻ የለውም፤ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠራው። አንተ ግን ይህን እስክትሰማ ድረስ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲሞችህን በመዳፍህ ይዘህ፣ በሌላው እጅህ መርፌ ጨብጠህ፣ ቀዳዳ ስትፈልግ ታመሻለህ። ምን ችግር አለው፤ ጀርባው ያው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት የአክስትህ ልጆች ከስልኩ ጋር ንቀቱንም ልከውልሃል። በእነሱ አይፎን ላይ ለአይፎን የላኩት መልእክት ሰማያዊ፣ ለአንድሮይድ የላኩት አረንጓዴ ሆኖ ስለሚታይ፣ ወጣቱ ዘንድ አረንጓዴ መሆን የሚያሳፍር ነገር ሆኗል። እኛ የምንጻጻፈው በቴሌግራም ነው፤ እዚያ ሰማያዊም አረንጓዴም ለይቶልን አያውቅም። ቀለሙ አልደረሰንም፤ ንቀቱ ግን ያለ ቀረጥ ገብቷል።

የአንድሮይዱ ወገንም ጻድቅ አይምሰልህ። "እኔ ነፃነቴን እወዳለሁ" ይላል። ነፃነቱ ምንድን ነው ብትለው፣ ማን እንደሠራው የማያውቀውን ኤፒኬ ከቴሌግራም ቻናል አውርዶ፣ ቴሌብሩና የባንክ ሒሳቡ ባሉበት ስልክ ላይ መጫን ነው። የደኅንነት ማሻሻያው ከተቋረጠ ስንት ጊዜ እንደሆነው አይጠይቅም፤ ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ ግን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። በ2015 የወጣው አይፎን 6ኤስ፣ በ2021 የወጣውን አይኦኤስ 15ን ያለ ችግር ተቀብሏል። ስድስት ዓመት! ለአይፎን ከሚቀርቡት ምስጋናዎች እውነተኛው ይሄ ነው። አንድም የአይፎን ባለቤት ሲያነሳው ግን ሰምቼ አላውቅም። ከጀርባ አይታይማ።

ሁለቱ ጎራዎች በየካፌው እንዲህ ሲሞሻለቁ የስልኮቹ ጌቶች ምን እያደረጉ ይመስልሃል? ከ2017ቱ አይፎን ኤክስ ወዲህ አፕል ለበርካታ አይፎኖቹ ስክሪን የሚገዛው ከሳምሰንግ ነው። "ሳምሰንግ? በሕይወቴ አልይዝም!" ብሎ የሚምለው ጎረምሳ ሲነጋ ሲመሽ በጣቱ የሚያሻሸው ሳምሰንግ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የአንድሮይድ ባለቤት ጉግል ደግሞ በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ የአይፎኑ የኢንተርኔት ማሰሻ ሳፋሪ ሌላውን ትቶ በጉግል እንዲፈልግ። ይህ የተሰማው አሜሪካ ውስጥ ጉግል ፍርድ ቤት በቆመበት ክርክር ነው። እነሱ በአንድ መሶብ ይጎራረሳሉ፤ እኛ ደጅ ቆመን "የማን ጌታ ይበልጣል" እየተባባልን እንደባደባለን።

ትናንት ማታ ከዚያ ከዕቁቡ ባለዕድል መልእክት ደረሰኝ። "እባክዎ ይደውሉልኝ" ይላል። ደወልኩለት። የዚህ ወር የዕቁብ መዋጮው ጎድሎበት ኖሯል።