በቤትዎ ከሚገኙ ዕቃዎች ብቻ

በስልክ መስኮት ብቅ የሚሉት የ«ራስዎ ይሥሩት» ባለሙያዎች «በቤትዎ ከሚገኙ ዕቃዎች ብቻ» ብለው ይጀምሩና መሰርሰሪያ፣ መበየጃና የሙጫ ሽጉጥ ያወጣሉ። የማን ቤት እንደሆነ አይናገሩም።

በመንዝ ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ሣርና እጅ። ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ በተንጣለለው ጓሳ የሚበቅለው ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ገሳ ቻርጅ አይጠይቅም፤ አዲስ ሞዴል ወጣ ተብሎም ባለቤቱን አያሳፍርም። ከበጉ ጠጉር ባና ሲታሰብ ግን ሸማኔ መለመን አለ፤ «ራስዎ» የሚለው ቃል እዚያ ላይ ትንሽ ያነክሳል።

አስቸጋሪው የዕቃ መደብሩ ነበር። ቄሮ በሚባለው የቀድሞ የሣር ጥበቃ ሥርዓት ጓሳ ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጋ ነበር። ጣሪያህ አፈሰሰ? የሥርዓቱ አለቃ፣ አባ ቄራው፣ እስኪከፍት ጠብቅ! «ደረጃ አንድ፦ 5 ዓመት ይታገሡ» የሚል ቪዲዮ ማን ያያል?

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ያንን ሥርዓት አፈረሰውና መደብሩ ያለ ባለሱቅ ቀረ። ደንበኛው ባንዴ ገባ፤ ሣሩም ተመናመነ። አሁን ጠባቂው ማኅበረሰቡ ነው፤ አጫጁ ቀን ተቆርጦለት ይገባል፣ ማጭዱን ግን ከቤቱ ይዞ።